ማሽኑ ደራሲ አይሆንም፣ ከዚያስ? የጆርናሎች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ደንብ ከሰቆጣ ሲታይ

ዛሬ ለአንድ ዓለም አቀፍ ጆርናል ጽሑፍ የሚልክ ተመራማሪ የማስረከቢያውን ቅጽ ሲሞላ፣ ከጥቅም ግጭትና ከገንዘብ ምንጭ ጥያቄዎች ጎን ከጥቂት ዓመታት በፊት ያልነበረ ጥያቄ ይገጥመዋል። ጽሑፉን ሲያዘጋጅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅሞ እንደሆነ፣ በየትኛው እንደተጠቀመ፣ ለምንስ እንደተጠቀመ ይጠየቃል። ጥያቄው ለንደን ላለውም ሰቆጣ ላለውም አንድ ዓይነት ነው። መላሾቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ አበርገሌ ፍየል ወይም ስለ እርጥበት ማቆያ ዘዴ የሚጽፈው ባለሙያ፣ በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕፃናትን መቀንጨር የሚያጠናው ሐኪም፣ በሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለማስተማር የሚመራመረው መምህር፣ ሁሉም የሚጽፉት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው በሆነው እንግሊዝኛ ነው። በኽምጣና አፉን የፈታ የዋግ ልጅ አማርኛን ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኛል። ሲመረቅ የምርምር ሥራው የሚመዘነው በዚያ በመጨረሻው ነው።

ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ ለጥናት እንግዳ ምድር አይደለም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ቃል ሲገባ የቃል ኪዳኑን ስም ከሰቆጣ ነው የወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ በሥነ ምግብ ጥናት ውስጥ የታወቀ ስም ሆኗል። ስለዚህ የጆርናሎቹ አዲስ ደንብ እዚህ ሲደርስ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ እንደማየው ደንቦቹ ቀላሉን ጥያቄ በፍጥነት መለሱ፤ ከባዱን ግን ለየጆርናሉ አዘጋጅ ጥለውታል። ያ ከባዱ ጥያቄ ደግሞ የእኛው ነው።

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተከፈተው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ስሙ በጥቂት የጥናት ጽሑፎች ላይ ከሰዎች ጋር በደራሲነት ተሰልፎ ታየ፤ አዘጋጆችም ተደናገጡ። ኔቸር የተባለው ጆርናል በጥር 2015 ዓ.ም. ሁለት ነገር ደነገገ፦ እንዲህ ያለ መሣሪያ ደራሲ ሊባል አይችልም፤ የተጠቀመበት ሰውም በአሠራር ክፍሉ ወይም በምስጋናው ይግለጽ። ሳይንስ የተባለው ጆርናል በዚያው ሳምንት ከዚህ ጠንከር አለ። ዋና አዘጋጁ ሆልደን ቶርፕ በርእሰ አንቀጹ በማሽን የተፈጠረ ጽሑፍም ሆነ ምስል በጆርናሉ እንደማይፈቀድ፣ መጣሱም እንደ ሳይንሳዊ ብልሹነት እንደሚቆጠር አስታወቀ። ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ጆርናል እገዳውን አላልቶ፣ የተጠቀመ ይናገር ወደሚለው መጣ። የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ኮፕ በየካቲት፣ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደግሞ በግንቦት ተከተሉ። ሁሉም በአንድ ነጥብ ተስማሙ። ደራሲ ማለት ለጻፈው የሚጠየቅ፣ የጥቅም ግጭት ካለበት የሚያስታውቅ፣ የቅጂ መብት ውል የሚፈርም ነው፤ ማሽን አንዱንም አይችልም።

የእኛ ሕግ ለዚህ አዲስ ነገር አላስፈለገውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። ቻትጂፒቲ ከመወለዱ 18 ዓመት በፊት የታተመ አንቀጽ መሆኑ ነው። እንዲያውም ሁሉም በዚህ ነጥብ እንዲህ ቶሎ መስማማታቸው ማንንም ምንም ስለማያስከፍል ይመስለኛል። ማሽኑን በደራሲነት ለመሰየም አጥብቆ የሚሟገት ተመራማሪ ከቶ ስንት አለ? ሰው የሚፈልገው በማሽኑ መጠቀምን እንጂ ከማሽኑ ጋር ስሙን መጻፍን አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው መጠቀም ላይ ነው። አሳታሚው ኤልሰቪየር ከማጣቀሻ ዝርዝሩ በፊት የመሣሪያው ስምና የተፈለገበት ምክንያት የሚሰፍርበት ራሱን የቻለ መግለጫ ይጠይቃል። ስፕሪንገር ኔቸር ግን ሰው የጻፈውን ለንባብ እንዲመች ማቃናት፣ የሰዋስውና የፊደል ግድፈትን ማረም መገለጽ አያስፈልገውም ይላል። ሳይንስ በበኩሉ የመሣሪያው እትምና ማሽኑ የተጠየቀው ጥያቄ ሳይቀር በአሠራር ክፍሉ እንዲቀርብ ይፈልጋል። የሕክምና አዘጋጆቹ ኮሚቴ በአባሪ ደብዳቤውም በጽሑፉም ውስጥ ይነገር ባይ ነው። አንዱ ጆርናል የመለሰለትን ጽሑፍ ለሌላው የሚልክ ሰው፣ ከማጣቀሻው አጻጻፍ ጋር የሐቀኝነቱንም አጻጻፍ ይቀይራል ማለት ነው።

ከነዚህ ውስጥ ለእኛ የሚሻለው የስፕሪንገር ኔቸሩ ይመስለኛል። ገንዘብ ያለው ተቋም እንግሊዝኛውን በክፍያ ሲያሳርም ኖሯል፤ ያንን እንደ ነውር ያየው የለም። የማዕከል ተመራማሪ ያንኑ አገልግሎት በነፃ ከማሽን ሲያገኝ ልዩ መግለጫ እንዲጽፍ መጠየቅ፣ ገምጋሚው ገና ከመነሻው በጥርጣሬ ዓይን እንዲያነበው ማድረግ ነው። ሐቀኛው ይጽፋል፣ ይጠረጠራል፤ ሌላው ዝም ይላል፣ ያልፋል።

ነገር ግን ማቃናት የት ያበቃል? ይህን ስፕሪንገር ኔቸርም በደንብ አልመለሰውም። በሁለት የዝናብ ወቅት፣ በጥቂት ማሳዎች ላይ የተሠራ ሙከራ የጻፈ ባለሙያ ውጤቱን "ሊጨምር እንደሚችል ይጠቁማል" ብሎ ይገልጻል እንበል። ማሽኑ አረፍተ ነገሩን ሲያሳምር "እንደሚጨምር አረጋግጧል" ሊያደርገው ይችላል። ሰዋስው ተስተካክሏል፣ ንባቡም ለስልሷል፤ ሳይንሱ ግን ተለውጧል። ዝናብ በአንዱ ዓመት መጥቶ በሌላው በሚቀርበት እንደ ዋግ ባለ አገር የዚያች "ሊሆን ይችላል" ዋጋ ትልቅ ነው፤ ምክሩን ይዞ ማሳ የሚወርድ የልማት ሠራተኛ አለና። እንግሊዝኛው ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ጸሐፊ ደግሞ ይህን ዓይነት የጥርጣሬ ቃል ሲነሳ ለማየት ከማንም ይልቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ የቋንቋ እርዳታን አትግለጹ የሚል ደንብ ጥሩ የሚሆነው፣ የውጤትና የመደምደሚያ ክፍሎችን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ የሚል ሲጨመርበት ነው።

ከዚህ የባሰው የትርጉም ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ደንብ እምብዛም አይታይም። በዋግ ስለ ድርቅ፣ ስለ ተረጂነት፣ ስለ እናቶች ወሊድ ጥናት የሚሠራ ሰው መረጃውን የሚሰበስበው በቃለ መጠይቅ ነው። ሰሃላ ሰየምት ቢወርድ በአማርኛ ይጠይቃል፤ አበርገሌ ወይም ዝቋላ ቢሄድ ተጠያቂው በኽምጣና ሊመልስለት ይችላል። ድምፁ ይቀዳል፣ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፣ ከዚያ ነው ትንተናው የሚጀመረው። ድሮ ትርጉሙን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሠሩትና ያመሳክሩት ነበር፤ በአሠራር ክፍሉም ይጻፋል። ዛሬ ተርጓሚው ማሽን ከሆነ በየትኛው ሳጥን ይገባል? ደራሲው ቋንቋ ነው ያስተካከልኩት ሊል ይችላል፣ ደንቡም በቀጥታ አይከለክለውም። በእኔ ግምት ግን ይህ የቋንቋ እርማት ሳይሆን የመረጃው አካል ነው። ማሽኑ አንዲት እናት ያለችውን ከተረጎመ፣ የጥናቱን ጥሬ እቃ ነክቷል። አማርኛን ከሞላ ጎደል ይሞክረዋል። ኽምጣና ግን በድረ ገጽ ላይ የረባ ጽሑፍ የለውም። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ያጠናው፣ ዴቪድ አፕልያርድም በ2006 ባሳተመው የአገው ቋንቋዎች ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ያካተተው ቋንቋ ለማሽኑ ባዳ ነው ማለት ይቻላል። ባዳ መሆኑን ግን አይናገርም፤ ያላወቀውን ያወቀ መስሎ ይመልሳል። የሀገራችን ጆርናሎች አንድ አንቀጽ ብቻ ይጨምሩ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፦ የቃለ መጠይቅ ትርጉም በማሽን ከተሠራ በአሠራር ክፍሉ ይጻፍ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው በምን ያህሉ ላይ እንዳመሳከረ ይገለጽ፣ የተጠቀሱት ንግግሮችም በመጀመሪያ ቋንቋቸው በአባሪነት ይቅረቡ።

ወደ መርማሪ ሶፍትዌሮቹ እንለፍ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍን በመመሳሰል መቶኛ መመዘን ለምደዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ "በማሽን የተጻፈ" የሚል መቶኛ ወደ መቀበል አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ያ እርምጃ ባይወሰድ ጥሩ ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች በዋናነት የሚመለከቱት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ እንደሚገመት ነው። የቃላት ክምችቱ ውስን የሆነ፣ በመማሪያ መጽሐፍ የተለመደውን አረፍተ ነገር የሚደጋግም ጸሐፊ በባሕርዩ ተገማች ነው። በስታንፎርድ ዌይሺን ሊያንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መርማሪዎችን በ91 የቶፍል ድርሰቶች ላይ ሞከሩ። ድርሰቶቹን የጻፉት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ናቸው፤ መርማሪዎቹ ግን በአማካይ 61.3 በመቶውን የማሽን ሥራ ነው አሉ። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ግን አልሳቱትም ማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚገርመው ቀጣዩ ነው፦ ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ የቶፍል ድርሰቶች በቻትጂፒቲ ቃላቸውን ሲያበለጽጉ ክሱ በእጅጉ ቀነሰ። በራሱ እንግሊዝኛ የጻፈው ይከሰሳል፣ ለማሽን የሰጠው ይድናል ማለት ነው። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዘጋው። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም በቀጣዩ ወር የተርኒቲንን የማሽን መለያ አጠፋ። ሠሪው ያላመነውን መሣሪያ ይዞ የሰው ማዕረግ ላይ መወሰን አይገባም።

የመርማሪው መቶኛ የማይረባ ከሆነ አዘጋጁ ምን ይመርምር? ማጣቀሻውን። ዋልተርስና ዋይልደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ጂፒቲ 3.5 ከሰጣቸው ማጣቀሻዎች 55 በመቶው፣ ጂፒቲ 4 ከሰጣቸው 18 በመቶው ጨርሶ የሌሉ ጽሑፎች ነበሩ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ቢሆንም ስህተቱ የሚበዛው ጽሑፍ በሚያንስበት ርእስ ላይ ስለሆነ፣ ስለ ዋግ የሚጠየቅ ማሽን ስለ ካንሰር ከሚጠየቀው ይልቅ ለፈጠራ የተመቸ ነው። ስለ አካባቢው ከተጻፈው ብዙው የድኅረ ምረቃ ጥናት፣ የማዕከል ዘገባና የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በ2012 ዓ.ም. መባቻ ቢወጣም፣ ከዚህ ውስጥ ብዙው ዛሬም መደርደሪያ ላይ ነው።

ሁለት የእኛ ብቻ የሆኑ መሰናክሎችም አሉ። አንደኛው የስም ጉዳይ ነው፤ የውጭ ጆርናል የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፣ የኢትዮጵያ ጥናት ባህል ግን በራስ ስም ይጠቅሳል። ማሽኑ ሁለቱን አደባልቆ አንዱን ደራሲ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተሰበሰበ መረጃ ማሽኑ ሲነካው እ.ኤ.አ. 2008 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። 2008 ዓ.ም. ዋግን ጨምሮ አገሪቱን ኤልኒኞ የመታበት የድርቅ ጊዜ እንደነበር የማያውቅ ገምጋሚ ስህተቱን አያየውም። በዚያ ዓመት የቀጨጨ ሕፃንና በደህና ዓመት የቀጨጨ ሕፃን የሚሰጡት ትርጓሜ አንድ አይደለም።

ዓለምን ስላሳቁት ቅሌቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንዱ ግን ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከፍሮንቲየርስ ጆርናሎች አንዱ የአይጥ የሰውነት ክፍል የሚያሳይ፣ የማይሆን ቅርጽና የማይነበብ ጽሑፍ የሞላበት ሥዕል አትሞ በቀናት ውስጥ ጽሑፉን ሰረዘ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር፣ ደራሲዎቹ ሥዕሉን ሚድጆርኒ በተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መሥራታቸውን በግልጽ ጽፈው ነበር። የመግለጽ ደንቡ ተከብሯል፤ ሥዕሉም ታትሟል። በዚያው ሰሞን በሌላ ጆርናል የማሽኑ "በእርግጥ፣ ለርእስዎ የሚሆን መግቢያ ይኸውና" ዓይነት መልስ ሳይሰረዝ የመግቢያው የመጀመሪያ መስመር ሆኖ ወጣ። ደራሲ፣ ገምጋሚና አዘጋጅ ሁሉም አልፈውታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ የዋይሊ ንብረት የሆነው ሂንዳዊ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሲሰርዝ ዋናው ጥፋት የተበላሸ የግምገማ ሥርዓት ነበር። መግለጫ የማያነብ አዘጋጅ ባለበት መግለጫ ማስጻፍ ወረቀት ማብዛት ነው።

ገምጋሚዎቹም ቢሆኑ በፈተና ላይ ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በሰኔ 2015 ዓ.ም. ገምጋሚዎቹ የምርምር ንድፎችን ለማሽን እንዳይሰጡ ከለከለ። የሕክምና አዘጋጆቹ ኮሚቴም ያልታተመ ረቂቅ ምስጢር መሆኑን አስታወሰ። ክልከላው ገምጋሚዎችን ሁሉ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ኒኬይ የተባለው የጃፓን ጋዜጣ፣ በስምንት አገሮች ካሉ 14 ተቋማት የወጡ 17 ረቂቆች ውስጥ ለዓይን የማይታይ ትእዛዝ ተደብቆ እንዳገኘ ዘገበ፤ ማሽን ሆነህ የምታነበኝ ከሆነ አመስግነህ ጻፍ የሚል። ተንኮል ነው፤ ግን ተንኮሉ የሚሠራው ገምጋሚው ራሱ ሥራውን ለማሽን ከሰጠ ብቻ ነው።

ከምስጢር ጋር የተያያዘው የእኛ ግዴታ ከጆርናሎቹ ደንብ ይከብዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ወደ ውጭ አገር መተላለፉንም በሁኔታዎች ይገድባል። የታካሚዎችን ሰንጠረዥ ለትንተና ወደ ቻትቦት የሚለጥፍ ሐኪም መረጃውን ባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒውተር ልኳል። ስማቸውን ሰርዣለሁ ቢልም፣ አንዲት ቀበሌ፣ አንድ ዕድሜና አንድ ብርቅ በሽታ ተደምረው ትንሽ ወረዳ ውስጥ ሰውየውን ያስታውቃሉ። ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ አምስተኛ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሊያውቀው አይችልም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ ደግሞ ስለ አገር ነው የሚያወራው፤ የአንድ ጆርናል አዘጋጅ ሰኞ ጠዋት የሚወስነውን አይነግረውም። ግልጽ መመሪያ እስኪወጣ ድረስ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በፈቃድ ቅጻቸው ላይ "መረጃው በየትኛው ሶፍትዌር ይተነተናል፣ የትስ ይቀመጣል?" የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ሕጉን አልፈው አይሄዱም።

ደንቦቹ ሲጻፉ እኛ የት እንደነበርን ማስታወስም ደግ ነው። ዓለም ስለ ማሽን ጸሐፊ በሚከራከርበት በዚያ ዓመት፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ዋግ ከዚያ በፊትም በሰሜኑ ጦርነት ስልክና መብራት አጥቶ ነበር። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ተመራማሪ ጥያቄው ማሽኑን መጠቀም አለመጠቀም ከመሆኑ በፊት ማግኘት አለማግኘት ነበር። ዛሬም የሚከፈልበትን የተሻለ እትም በዶላር የሚገዛና ነፃውን በደካማ ኔትዎርክ የሚጠብቅ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ።

አንድ የማልቀበለው ግብዝነት አለ። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ በመብራት ምሰሶ ላይ "ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ማየት ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ለደረጃ እድገት ኅትመት ግድ በሆነበት አሠራር ያ ገበያ ደርቶ ኖሯል። ማሽኑ ያንን ገበያ አረከሰው እንጂ አልፈጠረውም። ማሽንን ብቻ የሚጠይቅ፣ በብር የተገዛን ጸሐፊ ግን የማይጠይቅ ደንብ ድሃውን አጭበርባሪ ይዞ ሀብታሙን ይለቃል። ጽሑፉን ማን ወይም ምን እንደጻፈው ከሚጠይቅ ቅጽ ይልቅ የመስክ መዝገቡን፣ የተሞላውን መጠይቅ፣ የማሳውን ልኬት፣ የሚዛኑን ንባብ የሚጠይቅ አዘጋጅ ሁለቱንም ይይዛል። የሰቆጣ ማዕከል ባለሙያ እዚህ ላይ ከማንም አያንስም፤ ፍየሎቹን ራሱ መዝኗል፣ ማሳውን ራሱ ለክቷል።

ጥሬ መረጃ አምጣ የሚል ደንብም ግን በጦርነት ውስጥ ባለፈ አካባቢ ንጹሑን ሊጎዳ ይችላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወሎና በዋግ የተዘረፉ ተቋማት መዝገባቸውንና ኮምፒውተራቸውን አጥተዋል። የዚያ ዘመን ጥናት ያለው ደራሲ ምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ፣ በየትኛው በተረፈ ቅጂ ላይ እንደሠራ ይጻፍ፤ የተቋሙም ኃላፊ ያረጋግጥለት። አዘጋጁ ይህን ካነበበ በኋላ ይወስን።